«ኮረደለ»

ሰው በቴሌቪዥን ድራማ ይጣላል ወይ ብሎ የሚስቅ ካለ ከአሁኑ ስቆ ይጨርስ። ግሌኒስ ራምስደን ትጣላለች፤ ያውም አሳምራ ነው የምትጣላው። የምትወደውን ነገር ሲያበላሹባት ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ዝም የሚሉትንም አትወድም።

ወሩ ኅዳር ነው። በሰሜኑ የባሕር ዳርቻ ከተማ በዊትቢ፣ ከባሕሩ በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ በቆመው ሆቴል፣ ነፋሱ የአዳራሹን መስኮቶች ይደበድባል። እንግዳ የሚጠፋበት ወቅት ስለሆነ አዳራሹ በርካሽ ይገኛል። የ«ግራጫው በር» ድራማ ወዳጆች ክበብ አባላትም በየዓመቱ እዚህ ይሰበሰቡና፣ ጠርዙ የደረቀ ሳንድዊች እየበሉ፣ ያንኑ ጥያቄ ያነሳሉ። ያ የሰላዮች ድራማ መበላሸት የጀመረው መቼ ነው?

ድራማው ከቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሰላዩ ክራንሾና ባልደረባው አይሪስ ቬል በሦስት ምዕራፍ አገሩን ሁሉ ከሶፋው ጋር አጣብቀውት ነበር። ጡረታ የወጡት የጥርስ ሐኪም ሚስተር ባራክሎው፣ ነገሩ ያበቃለት የመግቢያው ሙዚቃ ተቀይሮ ጥሩምባው ከውስጡ የወጣ ቀን ነው ይላሉ። ከእሳቸው ጋር የሚቆም ሕዝብ አለ። ግሌኒስ ግን ጥሩምባ አትሰማም። ለእሷ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች የጻፈው ዴዝመንድ ኦርም ጠቢብ ነው፤ ሦስተኛውን የጻፈው ኤም. ኮርዴል ደግሞ ጥፋት። ድንበሩ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ሌላ ድንበር የለም።

እንዲያውም በክበቡ መጽሔት ላይ ከዓመታት በፊት አንድ ግስ ፈጥራለች፤ ኮረደለ። ጥሩ የነበረ ነገር ሌላ እጅ ገብቶ ሲበላሽ ኮረደለ ይባላል። ሻይ ይኮረድላል። ባቡር ይኮረድላል። ሚስተር ባራክሎው ስለ ገዛ ልጃቸው፣ ካገባ ወዲህ ኮርድሏል ብለው አምተዋል። ቃሉ ከክበቡ አልፎ ግሌኒስ ታሪክ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ ገብቶ ነበር፤ እሷም በዚህ ትኮራበት ነበር።

ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው ፊሊክስ ላይል ግን ይህን ቃል ተጠቅሞበት አያውቅም። ግሌኒስ ያስተዋለችው ዛሬ ነው።

ፊሊክስ ከደቡብ ነው፤ ሰፊ አትክልት ባለው ቤት ያደገ፣ ቃላቱን እንደ ብርጭቆ እየወለወለ የሚያስቀምጥ ሰው። እሷ የሰሜን፣ የዮርክሻየሯ ሃሊፋክስ ልጅ ናት። አባቷ የሱፍ ፋብሪካ ሸማኔ ነበር፤ አነጋገሯ ዛሬም የአባቷ ነው፤ ልትቀይረውም አልፈለገችም። ያገናኛቸው አንድ ጽሑፏ ነው። የሁለተኛው ምዕራፍ መዝጊያ ክፍል በሆነው «የጨው ደሴት» አይሪስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥቁር ሻሽ አስራ ትታያለች። ግሌኒስ ሻሹ ሐዘን ነው፣ አይሪስ ለሞተ ሌላ ባልደረባዋ በግልጽ ማልቀስ ስለማትችል በራሷ ላይ ያሰረችው ለቅሶ ነው ብላ ጻፈች። የክበቡ ሰው ይህን ጽሑፍ በቃሉ ያውቀዋል። ፊሊክስም ስለ አንድ ሻሽ እንዲህ ያሰበችውን ሴት ማወቅ እፈልጋለሁ ብሎ ጻፈላት። ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ተጻጻፉ። እየዋለ ሲያድር ክራንሾም አይሪስም ከደብዳቤው እየጠፉ ሄዱ፤ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

የዛሬው ስብሰባ ሲያበቃ ፊሊክስ እናቱ ዘንድ ሻይ ሊወስዳት ነው። እናቱ ከደቡብ ድረስ አብራው መጥታ ወደቡ አጠገብ ክፍል ይዛለች። ግሌኒስ አዲስ ጫማ ገዝታለች፤ በመግዛቷም በራሷ ተናዳለች።

የመናገር ተራዋ ሲደርስ ግን ጫማውን ረሳችው። ኦርም ክራንሾን እንዴት ሰው እንዳደረገው፣ ኮርዴል ደግሞ እንዴት ወደ ካፖርትና ሽጉጥ እንደመለሰው አንድ በአንድ እያነሳች፣ አዳራሹን በእጇ አስገባችው። «ተከታታዩ አልሞተም፤ ተገደለ» አለች በመጨረሻ። «የገደለው ደግሞ ኮርዴል ነው።»

ጭብጨባው ሲነሳ ፊሊክስ ቆመ። ፊቱ ነጥቷል።

«ኮርዴል ተከታታዩን አልገደለችውም» አለ።

ሚስተር ባራክሎው ከፊት ወንበር ዞረው አዩት። «አልገደለችውም? ኮርዴል ደግሞ መቼ ነው ቀሚስ ያጠለቀው የኔ ልጅ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፊሊክስ አልሳቀም። አላረመምም። ቅላቱ ከአንገቱ ተነስቶ እስከ ጆሮው ወጣ፤ ዓይኑን ከግሌኒስ ላይ አልነቀለም። ይህ ሰው በዓመት ደብዳቤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ስቶ አያውቅም። ከአፉ እንዲህ ያለ ስህተት አይወጣም። ከአፉ የሚወጣው ቤቱ የለመደው አነጋገር ብቻ ነው።

ኤም. የምትለዋን አንዲት ፊደል ግሌኒስ በልቧ ደጋግማ አነበበቻት። «እናቴ ድሮ አንዳንድ ነገር ትጽፍ ነበር» ብሏት ነበር ፊሊክስ አንድ ጊዜ፣ ሌላ ነገር እያወራ በመሃል። ሰዉ ገና እየሳቀ ነው። እሷ ግን ማስታወሻዋን ሰብስባ ከመድረኩ ወረደች።

*

ካፖርቶች በተሰቀሉበት ጠባብ መተላለፊያ ተገናኙ። የሌላ ሰው እርጥብ ካፖርት ትከሻዋን እየነካት፣ ግሌኒስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። ድምጿን ዝቅ ስታደርግ የሚፈሯት ተማሪዎቿ ብቻ አይደሉም።

ዓመት ሙሉ እንዴት እንደዚህ አደረግኸኝ አለችው። በየደብዳቤው የእናቱን ስም እንደ ስድብ እየጻፈች ስትልክለት እሱ ፖስታውን እየከፈተ ምን ይል ነበር? እናቱስ ታውቃለች? ፊሊክስ እንደምታውቅ ነገራት። ግሱን መጽሔቱ ላይ ራሷ እንዳነበበችው፣ የመጀመሪያ ቀን እንደሳቀች፣ ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ዘመን አንድም ቃል ለማንም እንዳይተነፍስ እንዳስማለችው ነገራት። ለመመስገን የደራሲውን ልጅ ምስክር የሚጠራ ሥራ፣ ሥራ አይደለም ትላለች።

«ታዲያ ለምን ልትወስደኝ ፈለግህ? ስትሰድብሽ የኖረችው ሴት ይቻትና፣ እያት ልትላት?»

«ስለምወድሽ ነው የምወስድሽ። ማን እንደሆንሽ ታውቃለች። ትጠብቅሻለች።»

«ይቅርታ አልጠይቅም። ሦስተኛው ምዕራፍ መጥፎ ነው።»

«ግማሹ መጥፎ ነው። እሷም ትለዋለች። ይቅርታ አላልኩሽም።» ፊሊክስ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ፤ ሳይነካት መለሰው። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ነገ መዝጊያ ላይ ‹የጨው ደሴትን› አታሳዪ። ሌላ የፈለግሽውን አሳዪ፤ እሱን ብቻ ተዪው።»

የነገው መዝጊያ የግሌኒስ ነበር። ኮርዴል ምን እንዳበላሸች ለማስረዳት ከመበላሸቱ በፊት የነበረውን የመጨረሻ ታላቅ ሥራ በትልቁ ስክሪን ልታሳይ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የተዘጋጀችበት ነው።

«ለምን?»

ፊሊክስ ዝም አለ። የማለ ሰው ዝምታ ነበር። እሷ ግን የጌቶች ዝምታ መሰላት፤ ለሸማኔ ልጅ ምክንያት መስጠት የማያስፈልግበት ዝምታ።

«ስማኝ ፊሊክስ» አለችው። «አባቴ የፋብሪካው ፎርማን ዝም በል ሲለው ዝም አላለም። እኔ ለወንድ ብዬ አፌን አልይዝም። ለእናትህ፣ ሻዩ ቀርቷል በላት።»

ካፖርቱን ከመንጠቆው አውርዶ ሄደ። በሩ ሲከፈት የባሕሩ ጨው ሽታ ገባ። ግሌኒስ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማ ቀረች። ትክክል ነበረች፤ በዚህ እርግጠኛ ነበረች። ትክክል መሆን እንዲህ የሚያም ግን አልመሰላትም ነበር።

*

እሑድ ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ያልበላችውን የተጠበሰ ዓሣ ትታ፣ ቪዲዮውን ልትሞክር ወደ አዳራሹ ገባች። ሚስተር ባራክሎው ገመድ እየሰኩ ነበር። ዓይኗን አይተው፣ የሆቴሉ ሻይ በጣም ኮርድሏል አሉ። ግሌኒስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ ጆሮዋን አሳከካት።

ካሴቱ ዞረ። ደሴቱ ታየ፤ ነፋሱ፤ ጥቁሩ ሻሽ። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ እንዳየችው አታውቅም፤ ግን ሁልጊዜ የምታየው የአይሪስን ፊት ነበር። ዛሬ ፊት ማየት አቃታት። ዓይኗን ከፊቱ ስታሸሽ ወደ አንገቱ ወረደ።

አይሪስ ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ስትል ነፋሱ ሻሹን ከኋላ ገለጥ አደረገው፤ ወዲያው በእጇ መለሰችው። ግሌኒስ ካሴቱን አቆመች። ወደ ኋላ መለሰችው። እንደገና አቆመችው።

ማጅራቷ ባዶ ነበር። እንደ ወንድ ልጅ የተከረከመ።

«ሚስተር ባራክሎው» አለች፣ ድምጿ የሌላ ሰው መስሏት። «አይሪስ ጸጉሯን የተቆረጠችው መቼ ነው?»

ሚስተር ባራክሎው ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም በሚል ዓይን አዩዋት። ሦስተኛው ምዕራፍ ሲጀምር ነዋ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ተቆርጣ ብቅ ስትል አገሩ ጉድ አለ፤ የእሳቸው ሚስት በሳምንቱ ተቆረጠች። ከዚያ በፊት ጸጉሯ እስከ ወገቧ ነበር። ይህን እያሉ ወደ ስክሪኑ ዞሩ፤ የያዙት ገመድ ከእጃቸው ወደቀ።

የታየው በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ነው። የተቀረጸው ግን ጸጉሩ ከተቆረጠ በኋላ፣ ከሦስተኛው ምዕራፍ ጋር ነው። የክበቡ ሰው ሃያ ዓመት ሲጨቃጨቅ ክፍሎቹ በታዩበት ቅደም ተከተል እየቆጠረ ነው፤ ከተሠሩበት ቅደም ተከተል ጋር ማንም አላስተያየውም። ሻሹ ሐዘን አልነበረም፤ አጭር ጸጉር መሸፈኛ ነበር። ከዴዝመንድ ኦርም ስም ስር የተደበቀው ያ ታላቅ ሰዓት የኤም. ኮርዴል የመጀመሪያ ሥራ ነበር።

ግሌኒስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ‹የጨው ደሴትን› አታሳዪ ያላት እናቱን ከውርደት ሊያድን አልነበረም። ለእናቱማ ክብሯ ነበር። ያዳነው ግሌኒስን ነው። በሰው ፊት፣ በገዛ እጇ፣ የገዛ ክርክሯን እንዳታፈርስ። ለዚህ ሲል የእናቱን ክብር ለሌላ ዓመት ሊያሳድረው ፈቀደ፤ እሷም ጌታ ነህ ብላ ሰደደችው።

«ሌላ ክፍል እናሳይ?» አሉ ሚስተር ባራክሎው በቀስታ። «እኔ ምንም አላየሁም። ዓይኔ እንደሆነ ደክሟል።»

ደግነታቸው ገብቷታል፤ ግን ራሷን ነቀነቀች። የታሪክ አስተማሪ ናት። ተማሪዎቿን፣ ማስረጃ ሲመጣ ከወንበራችሁ ተነስታችሁ ተቀበሉት የምትል እሷ ናት። መሸነፍ እንዳለ ታውቅ ነበር። ራርተውላት መሸነፍን ግን አልወደደችውም። ከእፍረቱ ስር አንድ የሚሞቅ ነገር ተነሳ፤ ኩራት መሆኑን ስታውቅ ራሷም ገረማት።

*

እኩለ ቀን ላይ አዳራሹ ሞላ። ግሌኒስ ፊሊክስ ይኖር እንደሆነ ወንበሮቹን በዓይኗ አሰሰች፤ አጣችው። መብራቱ ሊጠፋ ሲል የኋላው በር ተከፈተ። ፊሊክስ ገባ፤ ክንዱን ይዛ አጭር፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች አሮጊት አለች። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ግሌኒስ አይታቸው ካሴቱን አስነሳች።

ክፍሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳየች። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ መለሰችውና ማጅራቱ ላይ አቆመችው። እዚያው ትታው ጠበቀች። መጀመሪያ ሹክሹክታ ነበር፤ ቀጥሎ ወንበር ተንጫጫ፤ ቀጥሎ አዳራሹ እንደ ገበያ ሆነ።

«ይህ ክፍል የአገራችን ቴሌቪዥን ከሠራቸው ሁሉ ይበልጣል ብዬ ኖሬአለሁ» አለች ግሌኒስ። «ዛሬም እላለሁ፤ ፍንክች አልልም። የሳትኩት አንድ ነገር ነው፤ የማን እንደሆነ። የዴዝመንድ ኦርም አይደለም። የኮርዴል ነው። ማስረጃው እዚያ ስክሪኑ ላይ አለ፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ፤ በእኔው ላይ።»

አንድ ሰው ከመሃል ተነስቶ ታዲያ መበላሸቱ መቼ ጀመረ አለ፣ እንደተዘረፈ ሰው።

«አላውቅም። ከርሞ እንጣላበታለን። ከዚህ ድንበር ግን አንጀምርም። ስለ ሻሹ የጻፍኩት ስህተት ነው። ስለ ኮርዴል የፈጠርኩትም ቃል...» ቀና ብላ የመጨረሻውን ረድፍ አየች። «እሱን የስሙ ባለቤት የፈለገችውን ታድርገው።»

ከኋላ አሮጊቷ ተነሳች። መነሳቷን ማንም ልብ አላለም፤ ስትናገር ግን ሁሉም ዞረ። ግሌኒስ የጠበቀችው የደቡብ እመቤት ድምፅ አልነበረም። ከተራራው ማዶ፣ የዮርክሻየር ሰው ከጥንት ከሚፎካከረው ከላንካሻየር፣ ከሃሊፋክስ ያን ያህል ከማይርቅ የጥጥ ፋብሪካ ሰፈር የመጣ ሰፊ አነጋገር ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ደቡብ ኖሮም ያልተወለወለ።

«ሙሪየል እባላለሁ» አለች። «ኮርዴል ሳላገባ የነበረኝ ስም ነው፤ ኤም. ያልኩት ሙሪየል ብል ስለማያነቡልኝ ነው። መዝጊያው ሊታይ ሲል እውነተኛ ሰላይ ተይዞ ጋዜጣው ሲታመስ፣ የዴዝመንድን ክፍል ከልክለው፣ ለሦስተኛው ምዕራፍ ልንቀርጸው የነበረውን የእኔን፣ የአይሪስን አጭር ጸጉር በሻሽ ሸፍነው አስገቡት። የስሙን ጽሑፍ ለመቀየር ጊዜ የለንም አሉኝ። በኋላም ጊዜ አላገኙም።»

ለምን ሃያ ዓመት ዝም እንዳለች የጠየቃት ሚስተር ባራክሎው ናቸው፤ አክብረው፣ ቆመው።

«ዴዝመንድ ታሞ ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ‹የጨው ደሴት› እያመሰገነው ሞተ። ልቀማው እንዴ?» መነጽሯን አስተካከለች። «ዛሬ የመጣሁት ላየው ነው። ከሰው ጋር ተቀምጬ አይቼው አላውቅም ነበር።»

ሙሪየል ኮርዴል ቀጥ ብላ ወደ ግሌኒስ ተመለከተች።

«ሻሹ ሐዘን አልነበረም፤ ልክ ነሽ። ግን ያንን ጽሑፍሽን ያነበብኩ ቀን፣ ምነው ሐዘን ብዬ በጻፍኩት ብዬ ነበር። ቃሉን ደግሞ አትጣይው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሰባተኛው ክፍል፣ እውነቴን ነው፣ ኮርድሏል።»

የመጀመሪያው ሳቅ የሚስተር ባራክሎው ነበር። ከዚያ ሳቁ ጭብጨባ ሆነ፤ ሰው ሁሉ ተነሳ። ትንሿ ሴት በመሃሉ ቆማ፣ ለማንም አንገቷን ሳትሰብር፣ የዘገየ ደመወዟን እንደምትቀበል ሠራተኛ ጭብጨባውን እስከ መጨረሻው ተቀበለች።

ግሌኒስ ከመድረኩ ስትወርድ ፊሊክስ ከፊቷ ቆሞ ነበር።

«ልሸፍንሽ ነበር የፈለግሁት» አላት።

«ገብቶኛል። እኔን ሸፍነህ እሷን ጨለማ ውስጥ ልታስቀር ነበር። ሁለተኛ እንዳትሞክረው። እኔ ሻሽ የሚታሰርልኝ ሴት አይደለሁም።»

«ተሳስቼ ነበር።»

«እኔም። ግን እኔ የእኔን በሕዝብ ፊት ነው የተናገርኩት።»

ፊሊክስ ለአፍታ አያት። ይህ ሰው ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ለመጥራት እንኳ የሚያፍር ነው። አጠገቡ ያለውን ወንበር ሳበ፤ ወጣበት፤ ወንበሩ ተንገዳገደ። «ይቅርታ» አለ ለአዳራሹ። ሰው ዞረ። «ሚስ ራምስደንን እወዳታለሁ። በጠቅላላው... እንድታውቁት ብዬ ነው።»

«እሱንማ ጥሩምባው ሳይወጣ ነው ያወቅነው» አሉ ሚስተር ባራክሎው።

ግሌኒስ ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት። እጇን ዘርግታ ከወንበሩ አወረደችው፤ ከወረደም በኋላ አልለቀቀችውም። ዓመት ሙሉ በወረቀት ብቻ ያወቀችው እጅ ነበር።

ሙሪየል ኮርዴል ካፖርቷን እየቆለፈች ደረሰችባቸው። ግሌኒስን ከእግር እስከ ራስ ተመለከተቻት፤ ከአዲሱ ጫማ ላይ ትንሽ ቆየች።

«የትናንቱ ሻይ ቀዝቅዟል፤ ሌላ እናፈላለን» አለች። «ሁሉንም ይቅር ልልሽ እችላለሁ። ዮርክሻየር መወለድሽን ግን ጊዜ ስጪኝ።»

«የላንካሻየር ሰው መሆንዎን ባውቅ ኖሮ ከዚያም የባሰ ቃል እፈጥር ነበር» አለች ግሌኒስ።

አሮጊቷ ፊቷ በራ። «በይ ክንድሽን ስጪኝ። ልጄ ደረጃ ላይ ይቸኩላል።»

ወደ ወደቡ የሚወርደውን ደረጃ ተያይዘው ጀመሩት፤ ፊሊክስ ካሴቱን ታቅፎ ከኋላ ይከተላል። ነፋሱ ከባሕር ሲመጣ ሙሪየል ወደ ግሌኒስ ተጠጋች። ግሌኒስ በሕይወቷ ብዙ ክርክር አሸንፋ ከብዙ አዳራሽ ወጥታለች። ተሸንፋ እንዲህ ቀና ብላ የሄደችበት ቀን ግን አልነበረም።